«ቫይረሱ አይታይም» ተብለዋል? ጉበትዎንስ ማን አየው?



ዛሬ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ በምትጠይቁኝ ጉዳይ ላይ እጽፋለሁ፦ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እየወሰዱ አብሮ የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ቢ) ስላለባቸው አዋቂዎች። ከትምህርቱ በፊት ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ታሪኩ ውስጥ ጥፋት አለ፤ የጥፋቱ አንዱ ድርሻ የኔ ነው። ባለታሪኩን አስፈቅጄ፣ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ነገር ሁሉ ቀይሬ ነው የምጽፈው። ስማቸውን ትተን «ጋሼ» እንበላቸው።

የምሠራው ጋሸና ነው። ለማታውቋት፣ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ወደ ላሊበላ የሚገነጠለው መንገድ የሚጀምርባት ደጋ ከተማ ናት። ሾፌሩም፣ ነጋዴውም፣ ለገና ላሊበላን ሊሳለም የሚሄደውም በዚችው ያልፋል።

ጋሼ ወደ አምሳ የተጠጉ ገበሬ ናቸው። መድኃኒት ከጀመሩ 8 ዓመት አልፏቸዋል። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ለቀጠሯቸው መጡ። የቫይረስ መጠን ምርመራቸው (ቫይራል ሎድ) ደርሶ ነበር። ውጤቱን አየሁና ደስ ብሎኝ «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ቫይረሱ አይታይም!» አልኳቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ሳሙት። መርቀውኝ ወጡ። ውጭ ወረፋ የሚጠብቅ ብዙ ሰው ነበር፤ ቀጣዩን ጠራሁ።

ከአራት ወር በኋላ፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። ዓይናቸው እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ሽንታቸው ጥቁር ሻይ መስሏል። ምግብ ካስጠላቸው ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ በቀኝ ጎናቸው ከጎድን አጥንት በታች ሲነኩ ያማቸዋል። በመንደሩ «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ሁለት ሳምንት ቅጠል ተቀጥቅጦ ሲጠጡ ቆይተዋል።

ልጁን «ትንሽ ውጭ ጠብቀኝ» አልኩት። በሩ ሲዘጋ ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ክኒኑን እየወሰዱ ነው?»

ትንሽ ዝም አሉ።

«ልጄ፣ አልዋሽሽም። ቫይረሱ አይታይም አልሽኝ። ከሌለማ ፈጣሪዬን ላመስግን ብዬ ጸበል ገባሁ። ከሰኔ ወዲህ አልነካሁትም።»

እኔ «አይታይም» ስል እሳቸው የሰሙት «የለም» የሚል ነበር። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ለመንገር አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር። ያቺን ደቂቃ አልሰጠኋቸውም።

ካርዳቸውን ገለበጥኩ። የሄፓታይተስ ቢ ውጤት በሚጻፍበት ቦታ ላይ ምንም የለም። መድኃኒት ሲጀምሩ አልተሠራም፤ ከዚያም በኋላ ማንም አልጠየቀም። በግንቦት ካርዱ እኔ እጅ ነበር፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጣታቸውን ወግተን በጥቂት ጠብታ ደም ፈጣኑን ምርመራ ሠራን። በደቂቃዎች ውስጥ ሁለት መስመር ወጣ። ሄፓታይተስ ቢ አለባቸው።

ከዚያ እሳቸው ራሳቸው አንድ ነገር ነገሩኝ።

«እንዲህ ስሆን አሁን የመጀመሪያዬ አይደለም። በጦርነቱ ጊዜም ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ነበር።»

በ2013 ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ እዚህ ነበር። ጋሸናም ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ ከርማለች። በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁሉ መግቢያ አጥቶ ነበር። ጋሼም ወራት ያለ ክኒን ቆዩ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ ቅጠል ጠጡ። መንገድ ሲከፈት ክኒኑን ጀመሩ፣ ቢጫውም ለቀቃቸው። ያዳናቸው ቅጠሉ መሰላቸው። ሁለት ጊዜ መድኃኒት አቋረጡ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጉበታቸው ተቆጣ። አንዱን ከአንዱ ያገናኘላቸው ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ።

አንድ ክኒን፣ ሁለት ዘበኛ

አሁን በአገራችን አብዛኛው አዋቂ የሚወስደው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በቀን አንዴ የሚዋጥ አንድ ክኒን ነው። ውስጡ ግን ሦስት መድኃኒት አለ፦ ቴኖፎቪር 300 ሚሊ ግራም፣ ላሚቩዲን 300 ሚሊ ግራም እና ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊ ግራም።

ሦስቱም ኤች አይ ቪን ይዋጋሉ። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ግን ተጨማሪ ሥራ አላቸው፤ ሄፓታይተስ ቢንም ያፍናሉ። ሁለቱ ቫይረሶች ዘመድ አይደሉም፤ ግን ለመባዛት የሚጠቀሙበት መሣሪያ ይመሳሰላል። መድኃኒቶቹ ያን መሣሪያ ነው የሚያስሩት። ዶሉቴግራቪር ግን ለሄፓታይተስ ቢ ምንም አያደርግም።

ስለዚህ ሁለቱም ቫይረስ ያለበት ሰው ክኒኑን በዋጠ ቁጥር ሳያውቀው ጉበቱንም እያከመ ነው። ሲያቆም ደግሞ ሁለቱንም ዘበኛ በአንድ ቀን አሰናበተ ማለት ነው።

ለምን ነው ሲቋረጥ የሚያገረሸው? ሄፓታይተስ ቢ ዘሩን በጉበት ሴል አስኳል ውስጥ ደብቆ ያስቀምጣል። አሁን ያሉን ክኒኖች እዚያ ድረስ ገብተው አይነቅሉትም። እንደ ሰርዶ አስቡት፤ ከላይ ሲያጭዱት ማሳው የጸዳ ይመስላል፣ ማጭዱን ሲተዉት ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ክኒኑ ሲቆም ቫይረሱ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይባዛል። የሰውነታችን መከላከያ ደግሞ ይህን አይቶ ቫይረሱ ያለበትን የጉበት ሴል ማጥቃት ይጀምራል። ጉበትን በአብዛኛው የሚጎዳው ይሄ ጥቃት ነው። አንዳንዱ ሰው በዓይን ቢጫነት ያልፈዋል። አንዳንዱ ግን ጉበቱ ሥራ አቁሞ ይሞታል። ቀድሞውንም ጉበቱ የጠባሰ (ሲሮሲስ ያለበት) ሰው ከሆነ አደጋው የባሰ ነው።

ስንት ሰው ነው እንዲህ ያለው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ሥር ከሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ጋር ይኖሩ ነበር፤ በዚያው ዓመት 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚሁ ሞቷል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ካለ ሰዎች መካከል ደግሞ ከመቶ 7 ያህሉ ሄፓታይተስ ቢም አለባቸው።

በአገራችን የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን ደምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትንታኔ ኤች አይ ቪ ካለባቸው ኢትዮጵያውያን ከመቶ 5 ያህሉ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለባቸው አሳይቷል። ቀላል ቁጥር እንዳይመስላችሁ። አንድ ክፍል ውስጥ 200 ሰው ክትትል ካለው፣ በዚህ ስሌት 10 ሰው ማለት ነው። አሥሩም ሳያውቁት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሽታ ለዓመታት ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላልና።

«እኔ እኮ ሕፃን ሆኜ ተከትቤያለሁ» የሚል ይኖራል። በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ማለት ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው፣ ማለትም አሁን መድኃኒት የሚወስደው አዋቂ ከሞላ ጎደል ሁሉ፣ በልጅነቱ አላገኘውም።

ከየት ይመጣል?

ከሌሊት ወፍ አይመጣም። «የወፍ በሽታ» የሚለው ስም ብዙ ሰው አሳስቷል፤ የሌሊት ወፍ ስለሸናብን የሚይዘን በሽታ አይደለም።

የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እና ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ነው። በጋራ ምላጭ፣ ባልተቀቀለ መሣሪያ በሚደረግ ግርዛት፣ የድድ ንቅሳት፣ ዋግምት፣ እንጥል ማስቆረጥ እና ጆሮ መብሳትም ይተላለፋል። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ደሙ ደርቋልና ምላጩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

አብሮ በመብላት፣ በመጎራረስ፣ በአንድ ሲኒ ቡና በመጠጣት፣ ተቃቅፎ ሰላም በመባባል አይተላለፍም። እባካችሁ ማንም ሰው በዚህ ምክንያት ከማዕድ አይለይ።

«ቫይራል ሎዴ አይታይም ተብያለሁ፣ ይሄ ለጉበቱም ይሆናል?»

አይሆንም! የዛሬው ጽሑፌ ዋና መልእክት ይሄ ነው።

በኤ አር ቲ ክፍል የሚሠራላችሁ የቫይረስ መጠን ምርመራ የሚለካው ኤች አይ ቪን ብቻ ነው። ስለ ሄፓታይተስ ቢ አንድም ቃል አይናገርም። ለኤች አይ ቪም ቢሆን «አይታይም» ማለት መድኃኒቱ ቫይረሱን ማሽኑ ከሚያየው በታች አድርጎ ይዞታል ማለት ነው፤ የለም ማለት አይደለም። የያዘው መድኃኒቱ ነው። ሲለቀው ይመለሳል።

የሄፓታይተስ ቢ መመርመሪያው ሌላ ነው፤ ኤች ቢ ኤስ ኤጂ ይባላል። አንድ ጊዜ የሚሠራ ቀላል የደም ምርመራ ነው። ካርዳችሁ ላይ መኖሩን የመጠየቅ መብት አላችሁ።

መድኃኒት ሲቀየር ተጠንቀቁ

ማቋረጥ ብቻ አይደለም አደጋው። አንዳንዴ ባለሙያው ራሱ መድኃኒት ይቀይራል። ቴኖፎቪር ኩላሊት ላይ ጫና ሊፈጥር ስለሚችል ወይም ኤች አይ ቪው መድኃኒቱን ስለተላመደ፣ ቴኖፎቪር ወጥቶ በምትኩ ዚዶቩዲን ሊገባ ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ይሄ ሲደረግ ጉበቱ የሚቀረው በላሚቩዲን ብቻ ነው። ላሚቩዲን ለብቻው ደግሞ አይዘልቅም፤ ሁለቱም ቫይረስ ባለባቸው ሰዎች ላይ በ4 ዓመት ውስጥ ከአሥሩ በዘጠኙ ገደማ ቫይረሱ እንደሚላመደው ታይቷል። ስለዚህ ለኤች አይ ቪው ሌላ መድኃኒት ቢያስፈልግም፣ ለጉበቱ ሲባል ቴኖፎቪር አብሮ እንዲቀጥል ይደረጋል። ኩላሊት ከተጎዳ ደግሞ መጠኑን ማስተካከል ወይም ሌላ አማራጭ መፈለግ የሐኪሙ ሥራ ነው፤ ዝም ብሎ ማውጣት አይቻልም።

ውጭ አገር ያላችሁ ቤተሰቦቼ፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል። በአሜሪካና በአውሮፓ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ የሚወጋ የኤች አይ ቪ መርፌ (ካቦቴግራቪርና ሪልፒቪሪን) መጥቷል። ክኒን መደበቅ ለሰለቸው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ግን መርፌው ሄፓታይተስ ቢን አይነካውም። ከክኒን ወደ መርፌ ከመቀየራችሁ በፊት የጉበት ምርመራችሁ መታወቅ አለበት።

ስለ ጸበልና ስለ ባህል መድኃኒት

እኔ ያደግኩትም የምሠራውም ጸበል በሚከበርበት አገር ነው። ጋሼን «ለምን ጸበል ሄዱ?» አላልኳቸውም፤ አልልም። ያልኳቸው «ክኒኑን ይዘው ይሂዱ» ነው። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ጸበሉን ጠጡ፣ ክኒኑንም ዋጡ።

የቅጠሉ ነገር ግን ያስፈራኛል። ምንነቱና መጠኑ የማይታወቅ ቅጠል የሚጣራው በዚያው በተጎዳው ጉበት ነው። ቁስል ላይ ቁስል ይሆናል። አረቄና ጠላም እንዲሁ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው አልኮል ቢተው ለጉበቱ ትልቅ ውለታ ዋለ። በተለይ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ወይም መከላከያ (አይሶናያዚድ) ከክኒኑ ጋር እየወሰዳችሁ ከሆነ፣ እሱም ጉበት ላይ ጫና ስላለው፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

እና ምን ላድርግ?

1. በሚቀጥለው ቀጠሮ «የሄፓታይተስ ቢ ምርመራዬ ካርዴ ላይ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ «ይሠራልኝ» በሉ። እዚያው ካልተገኘ የት እንደሚገኝ ጠይቁ።

2. ውጤቱ «አለ» ከሆነ አትደንግጡ። ቴኖፎቪር ያለበት ክኒን ላይ ከሆናችሁ ሕክምናውን ጀምራችኋል፤ ያውም በነጻ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ኤች አይ ቪ ሳይኖርባቸው ሄፓታይተስ ቢ ብቻ ያለባቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህንኑ ቴኖፎቪር በገዛ ገንዘባቸው ሲገዙ ኖረዋል። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም በአገራችን ብርቅ የነበረውም ለዚህ ነው። እናንተ እጅ ያለውን ክኒን ሌላው ሲፈልገው ነበር።

3. ውጤቱ «አለ» ከሆነ የጉበት ምርመራ (ኤ ኤል ቲ)፣ የፕሌትሌት ቁጥር፣ የኩላሊት ምርመራ እና ከተቻለ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። ጉበቱ የጠባሰ ከሆነ የካንሰር ምልክት በጊዜ እንዲታይ አልትራሳውንዱ በየ6 ወሩ ይደገማል።

4. ውጤቱ «የለም» ከሆነ ስለ ክትባት ጠይቁ። ለአዋቂ ብዙ ጊዜ ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ ዛሬ፣ ከወር በኋላ እና በ6ኛው ወር። ኤች አይ ቪ ላለበት ሰው መጠኑ ከፍ ሊል ስለሚችል ሁኔታችሁን ለሐኪሙ ንገሩ።

5. የትዳር ጓደኛና ልጆች ይመርመሩ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ደግሞ ከመውለዳችሁ በፊት ይታወቅ። የእናትየው ክኒን የሕፃኑንም አደጋ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት እንዲያገኝ ይመክራል። ሕፃን ሆኖ የተያዘ ሰው ከአሥር ዘጠኙ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራልና።

6. ለጉዞ፣ ለንግሥ፣ ለሱባዔ፣ ለሥራ ስትወጡ ወይም መንገድ ሊዘጋ ይችላል ብላችሁ ስትጠረጥሩ፣ ክኒኑ ከማለቁ በፊት ኑ። ለጸና ታካሚ የ3 ወር ወይም የ6 ወር መድኃኒት መስጠት ይቻላል። እዚህ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ይሄን በመከራ ተምረነዋል።

7. ክኒኑ ካመማችሁ፣ ከሰለቻችሁ፣ ሰው እንዳያየኝ ብላችሁ ከፈራችሁ፣ ከማቆማችሁ በፊት ንገሩን። አንቆጣም።

ቶሎ የሚያስኬዱ ምልክቶች

የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ የሆድ መነፋትና ውኃ መቋጠር፣ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ግራ መጋባት ወይም ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

ጋሼስ?

ክኒኑን በዚያው ቀን አስጀመርኳቸው፤ ለተጨማሪ ምርመራም ሪፈር ጻፍኩ። የጉበት ምርመራቸው ከልኩ ከ20 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሳምንት ተኝተው ታከሙ። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ስልኬ በጠራ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር።

ገና ሲቃረብ፣ ተሳላሚው በከተማችን ሲያልፍ፣ በእግራቸው መጡ። ዓይናቸው ነጥቷል። አልትራሳውንዱ ላይ ጉበታቸው አልጠባሰም። ባለቤታቸው ተመርምረው ነጻ ሆኑ፣ ክትባቱን ከከተማ አፈላልገን አስጀመርናቸው። ጋሼንም ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እጄን ያዙና «አንቺ ልጅ፣ አሁንስ ገብቶኛል። ክኒኑ የሁለት ቤት ዘበኛ ነው» አሉኝ። ከላይ «ሁለት ዘበኛ» ያልኩት ከሳቸው ተውሼ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር የታካሚዎቻችንን ካርድ አንድ በአንድ እያየን ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቦታው ባዶ የሆነውን በቀይ እስክሪብቶ እናከብበዋለን፤ ሰውየው ሲመጣ ሳይመረመር አይወጣም። ያከበብነው ካርድ ካሰብኩት በላይ በዝቷል። «ቫይረሱ አይታይም» የሚል ውጤት ስሰጥም ወረቀቱን ወዲያው አልለቅም። «ምን ማለት እንደሆነ እስቲ መልሰው ይንገሩኝ» እላለሁ። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

እናንተም ካርዳችሁን ጠይቁ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው የምታውቁ ከሆነ ምስጢሩን ሳታወጡ ይህን ጽሑፍ ለብቻው ላኩለት። ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ከተራ ስወጣ እመልሳለሁ።

መልካም ጤና!